«ደካማ» የሚለው ስም ያሳሳተኝ የኤም81 እምብርት

ኤም81 የተባለው ጋላክሲ ከእኛ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በእምብርቱ ከፀሐይ 70 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚከብድ ብላክ ሆል ቢኖርም፣ ወደ ውስጡ የሚወድቀው ጋዝ ጥቂት በመሆኑ ብርሃኑ ከኳዛሮች (እጅግ ደማቅ ከሆኑ የጋላክሲ እምብርቶች) ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው፤ «ደካማ» የሚባለውም ለዚህ ነው። እኔም ቻንድራ የተባለው የጠፈር ኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ለሕዝብ ክፍት ካደረገው ማኅደር 50,000 ሴኮንድ ገደማ የፈጀ የኤክስሬይ ምልከታ ሳወርድ፣ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ያንሰኛል ብዬ እንጂ ይበዛብኛል ብዬ አልሰጋሁም ነበር።

ምስሉን በወጉ ሳልመረምር ወደ ስፔክትረሙ፣ ማለትም ፎቶኖቹ በየኃይላቸው ወደሚደረደሩበት ሥዕል፣ ቸኮልኩ። ውጤቱ ከሚጠበቀው በላይ ወደ ከፍተኛ ኃይል ያጋደለ ሆነ፤ ዝቅተኛ ኃይል ያላቸውን ፎቶኖች ጋዝ ውጧቸው ይሆናል በሚል ግምት በሞዴሉ ላይ የጋዙን መጠን እየጨመርኩ ሁለት ሳምንት አሳለፍኩ።

የነቃሁት ምስሉን ፒክስሎቹ አንድ በአንድ እስኪለዩ ድረስ ሳጎላው ነው። ከሁሉ ሊደምቅ የሚገባው መካከሉ ከዙሪያው ደብዝዞ ነበር። ካሜራው የሚያነብበው በየ3.2 ሴኮንዱ ሲሆን፣ መስታወቶቹ ብርሃኑን በጥቂት ፒክስሎች ላይ ስለሚያጠራቅሙት፣ በአንድ ንባብ ውስጥ ሁለት ፎቶኖች አንድ ቦታ ካረፉ ኃይላቸው ተደምሮ እንደ አንድ ይመዘገባሉ። መደራረቡ ሲበረታ ደግሞ ምልክቱ የኮስሚክ ጨረር ስለሚመስል ጭራሽ ይጣላል። እምብርቱ በራሱ ደካማ ቢሆንም ቅርብ በመሆኑ ለዚህ ካሜራ ከመጠን በላይ ደማቅ ነበር።

መፍትሔው እዚያው ምስል ላይ ተገኘ። ካሜራው ምስሉን ወደ ማንበቢያው በሚያሻግርባቸው 41 ሚሊ ሴኮንዶችም ፎቶኖቹ መውረዳቸውን ስለማያቋርጡ፣ እምብርቱን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ጭረት ይሠራሉ። እያንዳንዱ ረድፍ በዚህ ጊዜ ለእምብርቱ የሚጋለጠው ለ40 ማይክሮ ሴኮንድ ብቻ በመሆኑ ጭረቱ ከመደራረብ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። የጭረቱ የተጋለጠ ጊዜ ሲደመር 600 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ከዚያ ያወጣሁት ስፔክትረም የፎቶን ኢንዴክሱን (ኃይሉ በጨመረ ቁጥር የፎቶኖቹ ብዛት ምን ያህል በፍጥነት እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ቁጥር) 1.9 አካባቢ አደረገው፤ የጨመርኩት ጋዝም አላስፈለገም።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሞዴል ሳልነካ በፊት በአንድ ንባብ ስንት ፎቶን እንደሚያርፍ አሰላለሁ፤ አዲስ ምልከታ ከሆነም የካሜራው ጥቂት ረድፎች ብቻ እንዲነበቡ በማድረግ የንባቡን ጊዜ ማሳጠርን አስቀድሜ አስባለሁ። በ6.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ስላለው የብረት መስመር (የብረት አቶሞች በዚያ ኃይል በሚለቁት ኤክስሬይ ስፔክትረሙ ላይ ስለሚታየው ጉብታ) ግን ጭረቱ በቂ ፎቶን ስላልሰጠኝ አንዳች ሳልደመድም ትቼዋለሁ።