የሩዝ ዘር ሲመረጥ ያልጠየቅኋቸው ሰዎች

የመጀመሪያው ምርጫ በአንድ ጠዋት ተጠናቀቀ። ያን ጊዜ በፎገራ ሜዳ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነበርሁ። ስድስት የሩዝ ዝርያዎችን በአንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ዘርተን፣ ዛላው ሲበስል «አባወራዎች ይምጡ» ብዬ በቀበሌው በኩል አስጠራሁ። ሃያ ሦስት ወንዶች መጡ። ዛላውን በመዳፋቸው እየመዘኑ፣ ፍሬውን በጥርሳቸው እየሰበሩ ከተማከሩ በኋላ ቁጥር አራትን መረጡ። እውነትም ምርቱ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሪፖርቴን በደስታ ጻፍሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ዘሩን አሥራ አንድ ቤተሰቦች ወሰዱ። ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት መልሰው የዘሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ምክንያቱን ወንዶቹን ስጠይቅ «መሬቱ አልተስማማውም» ከማለት አላለፉም። መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት እናት ቤት ቡና ስጠጣ ነው። «ልጄ፣ መፈልፈያ ሲገባ ይሰባበራል እኮ። ስባሪውን ነጋዴ በርካሽ ነው የሚያነሣው። ከጤፍ ቀላቅዬ ስጋግረው ደግሞ በማግሥቱ ይፈረፈራል» አሉኝ። ይህን ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ። እሳቸው ግን ቆጣ ሳይሉ፣ «ያን ቀን እንስራ ተሸክሜ በማሳው ጥግ ሳልፍ አይቼሻለሁ፤ ከወንዶች ጋር ነበርሽ» አሉ።

ያቺ ቃል ለብዙ ቀናት እንቅልፍ ነሣችኝ። በእኛ አገር በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ወንድ ነው፤ ሴት ሞፈር ጨብጣ ማየት ብርቅ ነው። ስለዚህም «ገበሬ» ስንል ወንዱ ብቻ ይታየናል። በሩዝ ማሳ ግን ከእርሻው በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው። ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ማረም፣ ወፍ መጠበቅ፣ ማድረቅ፣ ማስፈልፈል፣ ከጤፍ ጋር መጥኖ መጋገር፣ የተረፈውን ገበያ ማውጣት አለ፤ አብዛኛው በሴቶችና በልጆች እጅ ያልፋል። ደግሞም ሩዝ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ጅግና ከተባለው ማኅበር ነው። የጤፍ እንጀራን ሴት ልጅ ከእናቷ ትማራለች፤ የሩዝን እንጀራ ግን ያስተማረ አያት የለም። ልኩን ያገኙት እነዚሁ ሴቶች ምጣድ ላይ ደጋግመው ሞክረው ነው። ይህ ትልቅ እውቀት ነው፤ እኔም አልፌው ሄጃለሁ።

በሁለተኛው ሙከራ መጀመሪያ የቀየርሁት ቀኑን ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ሴቶቹ ከጓዳና ከውሃ አይላቀቁም። ስለዚህ ጥቅምት 27፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠራኋቸው። በዓል ስለሆነ እርሻ የለም፤ ማሳ ዞሮ ማየትን ግን የሚከለክል አልነበረም። ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው ዞሩ። በየዝርያው ፊት አንድ ጣሳ አቁሜ ለወንዶች አምስት አምስት ፍሬ ሽምብራ፣ ለሴቶች አምስት አምስት ፍሬ ባቄላ ሰጠሁ። ማንበብና መጻፍ ሳያስፈልግ የማን ድምፅ የት እንደወደቀ ይታያል። ከዚያም የየዝርያውን ዱቄት በተመሳሳይ መጠን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው፣ በአንድ እርሾ አቡክተው እንዲጋግሩ አራት ሴቶችን ለመንሁ። እንጀራው ሦስት ቀን ሞሰብ ውስጥ ቆይቶ፣ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ሳይነገር ወንዶቹም ቀመሱት።

እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት ሠራሁ። ሽምብራውንና ባቄላውን ደምሬ አንድ አሸናፊ ላወጣ ተነሣሁ። ድምሩ ቁጥር አምስትን ሰጠኝ፤ ቁጥር ሁለት ግን ከሽምብራ አንድም አልደረሰው፤ ከባቄላ ያገኘው ስድስት ፍሬ ብቻ ነበር። ልጥለው ስል፣ ስድስቱ ፍሬ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። አምስቱን የጣለችው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች።

«የሚያርስልኝ ሰው የራሱን ሳይጨርስ ወደ እኔ አይመጣም» አለችኝ። «ዘግይቶ የተዘራ ሩዝ ደግሞ ሳይበስል ውሃው ይሸሻል። ይህኛው ግን ቶሎ ይደርሳል፤ እርጥበቱ ሳያልቅ ጓያ እዘራበታለሁ።» እኩል አራሿ እዚያው ቆሞ ነበር። መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። በመሬት ይዞታ ደብተራችን ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ እሷ ደግሞ ደብተሩን ብቻዋን ነው የያዘችው። የሚዘራውን ሲመርጥላት የኖረው ግን ባለ በሬው ነው።

«ሴቶች» ብዬ በአንድ ጣሳ ማስቀመጤ ራሱ ትክክል አልነበረም። ባል ያላት ሴት የምትፈልገው የማይሰባበር ፍሬና የሚለሰልስ እንጀራ ነበር፤ ይህቺ የፈለገችው ጊዜ ነው። አሁን ሳስመርጥ ብቻቸውን ቤት የሚመሩትን ለይቼ አነጋግራለሁ፤ ድምፁንም አልደምርም፤ ለየብቻ አነበዋለሁ።

የቢሮው ቅጽ ለተመረጠ ዝርያ የተወው አንድ መስመር ነበር። ቁጥር አምስትና ቁጥር ሁለት ብዬ ሁለቱንም በዚያው መስመር ጻፍሁ። ለምን ሁለት ሆነ ተብዬ ስጠየቅ የባቄላውን ጣሳ ታሪክ ነገርኋቸው፤ ዘሩም ተፈቀደ።

በዓመቱ ኅዳር ላይ አውድማዋ ሄድሁ። ሩዙ ተወቅቶ ሊካፈሉ ነው። ከመስፈራቸው በፊት በስልቻ የሚሆን ዘር ለይታ ወደ ጎን አኖረችና አራሹን «የቀረውን እንካፈል» አለችው። እሱም ቁናውን አነሣ።