የሚቆጠረው ልጁ ነቅቶ ያለበት ሰዓት ነው

ሥራዬንም ልጄንም ሳልበድል እንዴት ልያዝ ብዬ መጀመሪያ የቆጠርኩት የራሴን ሰዓት ነበር። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። መቆጠር ያለበት ልጁ ነቅቶ፣ እኔም ቤት ያለሁበት ሰዓት ነው። ደብተር ይዤ ለ14 ቀን ይህንኑ ብቻ መዘገብኩ፦ ስንት ሰዓት ተነሳ፣ ስንት ሰዓት ወጣሁ፣ ስንት ሰዓት ገባሁ፣ ስንት ሰዓት ተኛ።

ልጁ 2 ዓመቱ ነው። ጠዋት 12፡30 ይነሳል፣ ማታ 2፡00 ይተኛል። እኔ ጠዋት 1፡30 ወጥቼ ማታ 1፡00 እገባለሁ። እንግዲህ በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት፤ በ5 ቀን 10 ሰዓት መሆኑ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን የ2 ሰዓት የቀን እንቅልፉ ተቀንሶ በቀን 11 ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 23 ሰዓት ይነቃል። ለደረጃ ዕድገት የሚያስፈልገኝን የሙያ ፈተና የማጠናው ደግሞ ቅዳሜ ከ3 እስከ 8 ሰዓት ነበር። እነዚያ 5 ሰዓታት የሥራ ቀናቱን ምሽቶች በሙሉ ያክላሉ። ቁጥሩ ደብተሩ ላይ ሲወጣ ሌላ ክርክር አላስፈለገም።

ጥናቱን ወደ ልጁ እንቅልፍ አዛወርኩት። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ማታ ከ2፡30 እስከ 4፡00፣ ቅዳሜ ደግሞ ቀን ሲተኛ 1 ሰዓት ተኩል። በሳምንት 6 ሰዓት ነው፤ ከቀድሞው በ1 ይበልጣል። በየምሽቱ ማጥናት 3ኛው ሳምንት ላይ ይሰበራል፣ ድካሙ ስለሚጠራቀም። ንጋት 11 ሰዓት መነሳትም ለእኔ አልሠራም፦ ወደ ንጋት እንቅልፍ ይሳሳል፣ የበር ሲጥታ ብቻ ልጁን ያስነሳዋል፣ ከዚያ ጥናቱም እንቅልፉም የለም። ሌላው የሚያጓጓው መንገድ የልጁን የመኝታ ሰዓት ወደ 3፡30 መግፋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የጠዋቱ መነሻ ስለማይነቃነቅ ማታ የተገፋው ከእንቅልፉ ይቆረጣል፤ የተረፈው ጊዜም በማግሥቱ በለቅሶ ያልቃል።

አንድ ትንሽ ነገር ብዙ ጠቅማለች። ጥናት ከማቆሜ በፊት 5 ደቂቃ ወስጄ በሚቀጥለው የምጀምርበትን ገጽና ጥያቄ በወረቀት እጽፋለሁ። ካልጻፍኩ የሚቀጥለው ምሽት የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች «የት ነበርኩ» በማለት ይሄዳሉ።

ምሽቱን ለማስፋት የቀረው የመውጫ ሰዓት ነበር። 1 ሰዓት ቀድሞ መውጣት ለመሥሪያ ቤቱ ትንሽ ነው፤ ለልጁ ግን ምሽቱን እጥፍ ያደርገዋል። አለቃ ዘንድ ገብቶ «ልጅ ስላለኝ ትንሽ ቢታሰብልኝ» ማለት አያዋጣም። ምን እንደሚፈቅዱ ስለማያውቁ መልሱ «እናያለን» ይሆናል። የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ «ከሰኞ ጀምሮ ለ6 ሳምንት 11፡00 ላይ እንድወጣ ይፍቀዱልኝ። የቀኑ ሪፖርት 10፡30 ላይ ይደርስዎታል። አስቸኳይ ነገር ካለ ከ2፡00 በኋላ ይደውሉልኝ። በ6ቱ ሳምንት ውስጥ የዘገየ ሥራ ከተገኘ ወደ ቀድሞው ሰዓት እመለሳለሁ።» የጊዜ ገደብ፣ ምትክና መለኪያ ስላለው እምቢ ለማለት ይከብዳል። ስምምነቱን የሚያበላሸው ማታ ለሥራ መልእክት ወዲያው መመለስ ነው፤ ሰው አንዴ ከለመደ አይተውም። ማታ የጻፍኩትን ጠዋት እንዲላክ ቀጠሮ እሰጠዋለሁ።

ቤት እንደገባሁ ወደ ማጀት አልሄድም። ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ለ20 ደቂቃ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጨዋታውን የሚመርጠው ልጁ ነው። መጀመሪያ ድስት ከጣድኩ ቀሚሴን ይዞ እስከ እራት ያለቅሳል፤ መጀመሪያ እሱ ከጠገበ ግን ብቻውን ይጫወታል፣ ምግቡም ይደርሳል። ጠዋት ደግሞ ሳያየኝ ሾልኬ ልውጣ የሚለውን ተውኩ። ተሸውዶ የቀረ ልጅ ከዚያ በኋላ በሩን ነው የሚጠብቀው። አንድ ጊዜ ስሜው «ምሳ ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ትነሳና መክሰስ ትበላለህ፣ ከዚያ እመጣለሁ» እለዋለሁ። ሰዓት ባያውቅም ቅደም ተከተሉን ያውቃል። ሁለተኛ መመለስ የለም፤ ተመልሶ ማቀፍ ለቅሶውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።

ከባለቤቴ ጋር እሑድ ማታ 20 ደቂቃ ተቀምጠን ሳምንቱን እንከፋፈላለን። «አግዘኝ» የሚለውን ቃል አውጥተነዋል። ክትባት የእሱ ከሆነ ቀጠሮውን ማስታወስ፣ ካርዱን መያዝና መውሰድ ሦስቱም የእሱ ነው። እኔ ካስታወስኩት ሥራው አሁንም እኔ ጋ ነው ማለት ነው።

ፈተናው 180 ሰዓት ጥናት ይፈልጋል። በ6 ሲካፈል 30 ሳምንት ይመጣል፤ እኔ ግን 40 ያዝኩ። ትንንሽ ልጆች በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ቢይዛቸው የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ከ4 ሳምንት 3ቱን ብቻ ነው የምቆጥረው። ልጁ ታሞ አንዳችን ከሥራ መቅረት ሲኖርብን ተራ በተራ ነው፤ ተራው የማን እንደሆነ ማቀዝቀዣው ላይ ተጽፏል። ትኩሳት በሌሊት ሲነሳ የሚጀመር ድርድር አስቀያሚ ነው።

መዝገቡን በየ6 ወሩ እደግመዋለሁ። ልጁ የቀን እንቅልፍ ሲተው የቅዳሜው 1 ሰዓት ተኩል ይጠፋል። በምትኩ ማታ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ከተኛ፣ በ3 ምሽት ያው 1 ሰዓት ተኩል ይመለሳል። ጥናቱ አይጎዳም፤ ምሽታችን ግን በግማሽ ሰዓት ያጥራል፣ ያኔ ወደ አለቃዬ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ይኖርብኛል።