የፖ ናጋርን ግንብ በሸክላ ስሠራ የተማርኩት

በዕቅዴ መሠረት፣ በቬትናም ደቡባዊ ጠረፍ በንያ ትራንግ ከተማ የሚገኘውን የፖ ናጋር ቤተ መቅደስ ዋና ግንብ በ1 ለ 50 ልኬት በሸክላ መሥራቴን ቀጥያለሁ። እውነተኛው ግንብ ወደ 23 ሜትር ከፍታ ስላለው የእኔው ሲጠናቀቅ 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ግድግዳው አልቆ አሁን ጣሪያው ላይ ደርሻለሁ። ስለዚህ ክፍል ለብቻው መጻፍ የፈለግሁት፣ ፎቶግራፍና ንድፍ በማየት ብቻ የማይገባ አንድ ጉዳይ ጡብ ሲደረድሩ ስለሚገለጥ ነው፤ ይኸውም ከውጭ ያን ያህል ግዙፍ የሆነ ግንብ በውስጡ ለምን ጠባብና ጨለማ እንደሆነ ነው።

ግንቡን የሠሩት የጥንቷ የቻምፓ መንግሥት ግንበኞች በቅስት አይጠቀሙም ነበር። ጣሪያውን የሚዘጉት እያንዳንዱን የጡብ ረድፍ ከሥሩ ካለው ረድፍ ጥቂት ወደ ውስጥ እያስገቡ በመደርደር ሲሆን፣ አራቱ ግድግዳዎች እየተቀራረቡ ሄደው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ወደ ውስጥ የወጣው ጡብ እንዳይወድቅ ከኋላው የሚጫነው ክብደት ያስፈልገዋል። በእኔ ሸክላ ላይ፣ የጡቡን ርዝመት ሲሶ ያህል ሳወጣ ረድፉ ወዲያውኑ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ሩብና ከዚያ በታች ሲሆን ግን ቀጣዩ ረድፍ ተጭኖት ይቆማል። እንግዲህ በዚህ ዘዴ ሰፊ ክፍል ልሥራ የሚል ሰው ግድግዳውን እጅግ ማወፈርና ጣሪያውን እጅግ ማስረዘም ግድ ይሆንበታል። ከውጭ ሲታይ ጣሪያው እያነሰ የሚሄድ ባለ ብዙ እርከን ሕንፃ ይመስላል፤ እያንዳንዱ እርከን ከሥሩ ያለውን ግንብ በትንሹ ይደግመዋል። ከውስጥ ግን እርከን የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ የሚጠብ አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። በሩም አንድ ነው፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ ይከፈታል። በሌሎቹ ሦስት ጎኖች ያሉት መቃንና ጉበን ያላቸው የሚመስሉ በሮች የማይከፈቱ ናቸው።

ጥበቱ ጉድለት ነው የሚል አስተያየት አንብቤአለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ግንቡ የአምላክ ማደሪያ እንጂ የምእመናን መሰብሰቢያ አይደለም። ሰዎች የሚሰባሰቡበትና መሥዋዕታቸውን የሚያዘጋጁበት ስፍራ ከኮረብታው ዝቅ ብሎ የተሠራው አዳራሽ ነበር፤ ዛሬ ጣሪያው ጠፍቶ 10 ትልልቅና 12 ትንንሽ ስምንት ማዕዘን የጡብ ምሰሶዎቹ ብቻ ቆመዋል። ከዚያ ወደ ላይኛው መደብ የሚወስደው ደረጃ በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ ከአራቱ ቀሪ ግንቦች አንዱ፣ የሰሜን ምዕራቡ፣ የጀልባ ቅርጽ ያለው ጣሪያ አለው። እነዚህን ለመሥራት ለጊዜው አላሰብኩም።

በማደሪያው ውስጥ ማን እንደ ነበረ የድንጋይ ጽሑፎቹ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ784 ንጉሥ ሳትያቫርማን ያስቀረጸው የሳንስክሪት ጽሑፍ፣ ከ10 ዓመት በፊት ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ ሰዎች ቤተ መቅደሱን አቃጥለው የሂንዱ አምላክ የሆነውን የሺቫን ምስል እንደ ወሰዱ፣ ንጉሡም በመርከብ እንዳሳደዳቸውና ምስሉ ግን ባሕር ውስጥ እንደ ቀረ ይተርካል። በ918 ኢንድራቫርማን ሣልሳዊ የባጋቫቲ እንስት አምላክን የወርቅ ምስል አቆመ። ወርቁን ከዛሬዋ ካምቦዲያ የመጡ ክመሮች ዘረፉት፤ በ965 ደግሞ ጃያ ኢንድራቫርማን በምትኩ የድንጋይ ምስል አስቀመጠ። ያን ጊዜ የተጻፈው ጽሑፍ ዘራፊዎቹ በስስታቸው ምክንያት እንደ ሞቱ መግለጹን አልዘነጋም። ዛሬ በግንቡ ውስጥ የምትታየው አሥር ክንድ ያላት የድንጋይ ምስል ናት።

አፈ ታሪኩ ግን ስለ ነገሥታቱ ምንም አይናገርም። በቻሞች፣ ማለትም በቻምፓ ሕዝብ፣ ዘንድ ፖ ኢኑ ናጋር ከደመናና ከባሕር አረፋ የተወለደች፣ ምድርን፣ ሩዝንና የዑድን እንጨት የፈጠረች፣ 97 ባሎችና 38 ሴት ልጆች የነበሯት የአገር እናት ናት። ዑድ ስል በየሽቶ ተራው ስሙን የምናውቀውን ያንኑ መዓዛማ እንጨት ማለቴ ነው፤ የንያ ትራንግ አካባቢ እስከ ዛሬ በእርሱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1653 አካባቢው በቬትናማውያኑ የንጉየን ገዢዎች እጅ ከወደቀ በኋላ ቬትናማውያን እንስቲቱን አምላክ ቲየን ዪ አ ና ብለው ማምለካቸውን ቀጠሉ፤ በ1856 ፋን ታን ዣን የተባለው ባለሥልጣን የራሳቸውን ትረካ በድንጋይ ላይ አጽፎ በዚያው ስፍራ አቆመው። በዚህ ትረካ ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌ ባልና ሚስት ሀብሐባቸውን በጨረቃ ብርሃን የምትቀጥፍ ልጃገረድ አግኝተው ያሳድጓታል። አንድ ቀን ጎርፍ ባመጣው የዑድ ግንድ ውስጥ ገብታ በባሕር ላይ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ግንዱን ያገኘው ልዑል ያገባትና ሁለት ልጆች ይወልዳሉ። የትውልድ ስፍራዋ ሲናፍቃት ልጆቿን ይዛ በዚያው ግንድ ትመለሳለች፤ አሳዳጊዎቿ ግን ሞተው ነበር። መቃብራቸውን ሠርታ፣ ሕዝቡን እርሻና ሥርዓት አስተምራ ወደ ሰማይ ታርጋለች። ልዑሉ እርሷን ፍለጋ የላካቸው መርከበኞች ሕዝቡን ስላንገላቱ ማዕበል መርከባቸውን ገልብጦ ወደ ዓለትነት ይለውጠዋል።

ሁለቱ ትረካዎች በሌላው ሁሉ ቢራራቁም ዑዱን አልተዉትም፤ አንደኛው ፈጠረችው ይላል፣ ሌላኛው ተሳፈረችበት ይላል። አገሩ በዚህ እንጨት ንግድ የኖረ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ቀጣዩ ክፍል ከበሩ በላይ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ቅርጽ ነው፤ አራት ክንድ ያላት አምላክ በጎሽ ላይ ቆማ፣ ሁለት ሙዚቀኞች በግራና በቀኝ ያጅቧታል። በጡቡ ላይ ያሉት ጌጦች ግን የተቀረጹት ጡቡ ከተደረደረ በኋላ ነው፤ የአበባው ሐረግ ከአንዱ ጡብ ወደ ሌላው መጋጠሚያውን አቋርጦ ሳይቆራረጥ ያልፋል። እኔም ግድግዳዬን ሳልተኩሰው፣ ሸክላው እንደ ቆዳ ሲጠነክር መቅረጹን መርጫለሁ። የጡቦቹ መጋጠሚያ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ማያያዣው ምን እንደ ነበረ ባለሙያዎች ብዙ ተከራክረዋል፤ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት በአካባቢው ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው የሚል ነው። በመጪው ሙከራዬ ጡቦቹን እርስ በርስ አፋትጌ ካስተካከልኩ በኋላ በቀለጠ የዕጣን ሙጫ ላያይዛቸው አስቤአለሁ። ከእናንተ መካከል የዛፍ ሙጫን በተተኮሰ ሸክላ ላይ የሞከረ ካለ፣ ሙቀቱን እንዴት እንደ መጠነውና ሙጫው ሲደርቅ ይሰነጠቅ እንደ ሆነ ቢያካፍለኝ ጣሪያውን ከመዝጋቴ በፊት እጠቀምበታለሁ።