የኢሊኖይ 13ኛ የሴኔት ወረዳን የፖለቲካ ታሪክ እንዴት አጠናቀርኩት

የቺካጎን ደቡባዊ ሰፈሮች የያዘው የኢሊኖይ ስቴት ሴኔት 13ኛ ወረዳ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው ባራክ ኦባማ ነው፤ ከ1997 እስከ 2004 ወንበሩ የእሳቸው ነበር። እኔ ግን ታሪኩን ሳጠናቅር አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የያዝኩት፦ ወንበሩ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው በምን መንገድ ነው? ወረዳው የዴሞክራቶች ይዞታ ስለሆነ የኖቬምበሩ አጠቃላይ ምርጫ ውጤት ብዙም አይነግርም።

ከስም በፊት በካርታ ጀመርኩ። ኢሊኖይ 59 የሴኔት ወረዳዎች አሏት፤ ወሰናቸው በየአሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ ይለወጣል። ቁጥሩ 13 ሆኖ ይቆያል እንጂ ቦታው አንድ አይደለም። በ1990ዎቹ ወረዳው ከሃይድ ፓርክና ኬንዉድ ተነስቶ ወደ ደቡብ እስከ ሳውዝ ሾር፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ እስከ ቺካጎ ሎውን ይደርስ ነበር። የ2001ዱ ካርታ ግን የሐይቁን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን አስረዘመው፤ መሃል ከተማ አካባቢ ያሉ ባለጸጋ ሰፈሮችም ገቡበት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካርታ የተለየ ገጽ ከፈትኩ። ማጣሪያ የሚሆነው ስሌት ቀላል ነው፦ በ2000 ቆጠራ የስቴቱ ሕዝብ 12,419,293 ነበር፤ ለ59 ሲካፈል ወደ 210,500 ይመጣል። የሰፈሮቹ ድምር ከዚህ ከራቀ ወይ የሌላ ዘመን ካርታ ተደባልቋል፣ ወይ የተዘለለ ብሎክ አለ። የፕሪሲንክት (በአንድ ዋርድ ውስጥ ያለ ትንሽ የድምፅ መስጫ ቀጠና) ቁጥርም እንዲሁ ያሳስታል። የዋርዶቹን (የከተማዋን የምርጫ ክፍሎች) ወሰን የሚያወጣው የከተማው ምክር ቤት፣ የሴኔቱን ወሰን የሚያወጣው ስቴቱ ስለሆነ ሁለቱ ለየብቻ ይለወጣሉ፤ የአንድ ፕሪሲንክት ቁጥር በሁለት የተለያዩ አሥርት ዓመታት አንድ ሰፈር ነው ብሎ ድምፅ ማወዳደር አይቻልም።

ካርታውን ማን አወጣው የሚለውም መመዝገብ አለበት። በስቴቱ ምክር ቤት ስምምነት ከጠፋ ጉዳዩ ስምንት አባላት ወዳሉት ኮሚሽን ይሄዳል፤ እዚያም እኩል ለእኩል ከተከፈሉ ዘጠነኛው ሰው በዕጣ ይወጣል። በ1981 እና በ2001 ዕጣው ለዴሞክራቶች፣ በ1991 ለሪፐብሊካኖች ወጣ። በ1992 ምርጫ ሪፐብሊካኖች ሴኔቱን ያዙ፤ ኦባማም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት በአናሳው ወገን ሆነው ሠሩ። የግለሰቡን ሥራ ከዚህ ነጥሎ መመዘን ፍርድ ያዛባል።

ከዚያ «እንዴት ገቡ?» የሚል ዓምድ አበጀሁ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ሪቻርድ ኒውሃውስ ከ1967 ጀምሮ በስቴቱ ሴኔት ቆይተው በ1991 ለቀቁ። በእሳቸው ቦታ አሊስ ፓልመር በሹመት ገቡ። ኦባማ በ2004 ለአሜሪካ ሴኔት ተመርጠው ሲሄዱ ክዋሜ ራውል በሹመት ገቡ። ራውል በ2018 የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሲመረጡ፣ በጃንዋሪ 2019 በቦታቸው ሮበርት ፒተርስ እንዲሁ በሹመት ገቡ። ከኒውሃውስ በኋላ ከነበሩት አራቱ መጀመሪያውኑ በምርጫ የገቡት ኦባማ ብቻ ናቸው ማለት ነው። ሿሚዎቹ በወረዳው ውስጥ ያሉት የዚያው ፓርቲ የዋርድ ተጠሪዎች ናቸው፤ የድምፃቸው ክብደትም እኩል አይደለም። ለሹመት ሁለት ቀን መዝግቡ፦ ተጠሪዎቹ የመረጡበትንና ቃለ መሐላ የተፈጸመበትን። ሁለተኛው ከሴኔቱ ጆርናል (የስብሰባ መዝገብ) ይገኛል።

የኦባማ አገባብም ቢሆን ፉክክር ያለበት ምርጫ አልነበረም። ፓልመር በ1995 ለኮንግረስ ተወዳድረው በጄሲ ጃክሰን ጁኒየር ከተሸነፉ በኋላ ወደ ስቴቱ ሴኔት ውድድር ተመለሱና 1,580 የድጋፍ ፊርማ አስገቡ። ለመወዳደር የሚያስፈልገው 757 ነበር። የኦባማ ቡድን ፊርማዎቹን አንድ በአንድ ተቃወመ። እንዲህ ያለ የተቃውሞ መዝገብ ሲነበብ እያንዳንዱ ፊርማ የገጽ ቁጥር፣ የመስመር ቁጥርና ምክንያት አለው፦ በዚያ አድራሻ አልተመዘገበም፣ ከወረዳው ውጭ ነው፣ ፊርማው የራሱ አይደለም። ፓልመር በጃንዋሪ 1996 ራሳቸውን አገለሉ፤ ሌሎቹም ተወዳዳሪዎች ተሰረዙ፤ በማርች ፕራይመሪ (የፓርቲው የውስጥ ምርጫ) ኦባማ ብቻቸውን ቀረቡ። የውጤት ሰንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው ተፎካካሪ የሌለው ስም ያገኛል እንጂ ምክንያቱን አያገኝም። ስለዚህ ብቸኛ ተወዳዳሪ ባያችሁበት ዓመት ሁሉ ወደ ምርጫ ቦርዱ የተቃውሞ መዝገብ ሂዱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ሆናችሁ የራሳችሁን ወረዳ ለመሥራት ካሰባችሁ ዓምዱን እንደ ስቴቱ ሕግ ለውጡት። ቨርጂኒያ ክፍት ወንበርን በልዩ ምርጫ ትሞላለች። ሜሪላንድ ውስጥ የፓርቲው የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስም ያቀርባል፣ ገዥው ይሾማል። እዚያ አንድ ወረዳ ከአንዱ ሴናተር ጋር ሦስት ደለጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) አሉት፤ ወደ ሴኔቱ የሚሸጋገሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ስለሆኑ የደለጌቶቹንም ዝርዝር ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ያዙ።