በሰንሰለት የሞቱት አባት የወንድሜን ሰንሰለት ሲያስፈቱ

ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን! ልጁ ከተፈታ እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ወንድሜ "አሁን ተናገሪ" እስኪለኝ ነው የቆየሁት።

ታናሽ ወንድሜ እንደ ብዙ የወሎ ልጅ በሎጊያ አድርጎ ጅቡቲ ገባ፤ ከኦቦክም በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። ሐሳቡ ሳዑዲ ነበር። ራስ አል-ዓራ ባሕሩ ዳር እንደወረዱ ግን ደላሎቹ ተቀብለው "ሖሽ" በሚሉት የታጠረ ግቢ ውስጥ ዘጉባቸው። ከዚያ ስልኩ ጀመረ። እየገረፉት ያገናኙናል፤ እናቴ ድምፁን ስትሰማ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ደጅ ትወጣለች። እግሩ በሰንሰለት ከሌላ ልጅ ጋር እንደታሰረ የነገረን ራሱ ነው። ያለችንን ሰብስበን በሐዋላ ላክን፤ ወዲያው ጨምሩ አሉ። የደረሰበት ቤተሰብ ያውቀዋል፦ ለእነሱ የከፈለ ሰው ገና ያለው ሰው ነው።

ደሴ ላይ እኛ ካቶሊኮች ጥቂት ነን። በዚያ ጊዜ ግን ብቻችንን አልነበርንም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወዳጃ ተቀምጠው ቡና እያፈሉ ዱዓ አደረጉ፤ "አብሽሪ፣ ይመጣል" እያሉ እናቴን ደገፏት። ከእኛ በታች ያሉት እትዬ ለግሸን ማርያም ጃንጥላ ተሳሉ። እኛ ደግሞ በብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አማላጅነት የዘጠኝ ቀን ጸሎት ያዝን።

ለምን እሳቸውን? እናቴ ናት የመረጠቻቸው፤ "እስር የሚያውቅ ይለምንልን" ብላ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. በጎጃም መርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ መጽሐፍ ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞሩ መነኩሴ ነበሩ። ከጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ከአቡነ ያዕቆብ (ከቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ) ጋር እስከ ሮምና ኢየሩሳሌም ተጉዘዋል። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ቀሰሱ። ኋላ ጎንደር ላይ ታሰሩ፤ ሃይማኖትህን ለውጥ ቢባሉ እምቢ አሉ። ሞት ተፈርዶባቸው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ቢማልድላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በእግር ብረት እንዳሉ ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ተጎተቱ፤ ሠራዊቱ ወደ ወሎ በዘመተበት በ1855 በዚያው በጉዞ ላይ ዐረፉ። መቃብራቸው የት እንዳለ አይታወቅም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን አወጁ።

ጸሎቱን ጨረስን፤ ምንም የለም። ስልኩም ጠፋ፤ ይህ ደግሞ ከዱላው ድምፅ ይብስ ነበር። እናቴ "ድገሙት" አለች። ድጋሚውን ሳንጨርስ ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። ወንድሜ ነው። "ወጥቻለሁ" አለ፣ ከዚያ ማልቀስ ብቻ።

የሆነው እንዲህ ነው። ማታ ዘበኛው ሁለቱን ለሽንት ፈትቶ መልሶ ሲያስራቸው ቁልፉን ሳይዘጋው ሄደ። ሌሊት ግቢው አጠገብ ተኩስ ተነሳ፤ ጠባቂዎቹ ወደዚያ ሮጡ፤ እነሱ በአጥሩ ሾልከው ወጡ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ውኃና ዳቦ ሰጥቶ መንገድ አሳያቸው። ዓደን ደርሰው ተመዘገቡ፤ ወረፋቸው ሲደርስ በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አውሮፕላን አዲስ አበባ ገቡ። ሰው "ዘበኛው ረስቶ ነው" ይለኛል። አዎ፣ ረስቶ ነው። እኔ የማመሰግነው ያስረሳውን ነው።

ስለታችን የአባታችንን አገር መሳለም ነበር። መቃብራቸው ቢታወቅ ቅርባችን ነበር፤ ስለዚህ ወደ መነኮሱበት ወደ መርጡለ ማርያም ሄድን። ከደሴ በአቀስታ፣ በመካነ ሰላም አድርጎ ዓባይን መሻገር ነው። ወሎን እስክንለቅ እናቴ መቁጠሪያዋን አላስቀመጠችም፤ "የትኛው ድንጋይ ሥር እንዳሉ ማን ያውቃል" እያለች። ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ጥምጣማቸውን ሳይ የመስጊድ ሰው ናቸው፣ "ልጃችን ከእስር ወጥቶ ነው" ስንላቸው እጃቸውን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ መረቁን። የዓባይን ቁልቁለት አልነግራችሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወረድሁት።

መርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ ያሠሩት፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እንደገና የሠሩት የጥንቱ ሕንፃ ፍርስራሽ አለ፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጌጥ ዓይን አይጠግበውም። ጧፍና ዕጣን ሰጠን፤ ቅጥሩን ተሳልመን ሰገድን። አንድ አባት "ከየት ናችሁ?" አሉን። "ከወሎ" አልን፤ የመጣንበትንም ነገርናቸው። "ሰንሰለቱን የፈታች እሷ ናት" ብለው ወደ ቤተ መቅደሱ አሳዩን። እናቴ "አሜን" አለች። የአባ ገብረ ሚካኤልን ስም አላነሳንም፤ የሄድነው ልናመሰግን እንጂ ልንከራከር አይደለም። እንዲያውም የግሸኗንም፣ የወዳጃውንም ድርሻ ማን እንደሚለይ አላውቅም፤ እኔ ዕዳዬን ከፈልሁ።

ወንድሜ አሁን ኮምቦልቻ ይሠራል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳው አለ፤ ሲበርድ ያመዋል። አብሮት የታሰረው ልጅም እናቱ ቤት ገብቷል። ለግሸን የተሳሉልን የእትዬ ልጅ ግን እሱም በዚያው መንገድ ሄዶ ከኦቦክ ከደወለ ወዲህ ድምፁ የለም። ለእሱ ጸሎቱን ጀምረናል፤ እናንተም በጸሎታችሁ አስቡት።