ከቴስታታው ስንት ተነሣ?

ባለፈው ክረምት፣ ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደር አንድ ደንበኛችን ጋስኬቱ የተቃጠለበትን ቻይና ሠራሽ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ወደ ጋራዣችን አመጣ። ቴስታታውን (ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋውን የሞተር ክፍል) አውርጄ ስፈትሸው 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ጎብጦ ስላገኘሁት፣ ፊቱን በፍሬዛ (ብረት በሚጠርብ ማሽን) እንዲያስተካክሉልኝ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ላክሁት፤ ከመላኬ በፊት ግን ቁመቱን በካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ በሚያቀጣጥለው) በኩል በካሊፐር ለክቼ ጻፍሁ፣ የቃጠሎ ክፍሉንም (ቤንዚኑ የሚነድበትን ጎድጓዳ) ይዘት መዘገብሁ።

ይዘት መለካትን ያስተማሩኝ የቀድሞ አለቃዬ ናቸው። ካንዴላው በቦታው እንዳለ፣ ቫልቮቹም እንደተዘጉ ቴስታታው ይገለበጣል፤ ጠርዙ ግራሶ ይቀባና መሐሉ የተበሳ ወፍራም ፕላስቲክ ይለጠፍበታል፤ ከዚያም በቀዳዳው ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ፣ የመጨረሻዋ የአየር አረፋ እስክትወጣ ድረስ ላምባ ይሞላል። የገባው 13.2 ሲሲ ነበር።

ቴስታታው ሲመለስ ባለሙያው «ሁለት ነው ያነሣሁት» አለኝ፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ማለቱ ነው። ካሊፐሩም በካንዴላው በኩል ያንኑ አረጋገጠ። ልገጥመው ከተነሣሁ በኋላ ላምባው ትዝ አለኝና ብሞላው 12.2 ሲሲ ብቻ ገባ። የሲሊንደሩም ሆነ የቃጠሎ ክፍሉ አፍ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 0.1 ሚሊ ሜትር በተነሣ ቁጥር ሩብ ሲሲ ገደማ ይጎድላል፤ አንድ ሲሲ እንዲጎድል ደግሞ 0.4 መነሣት አለበት። ሲሪንጁን ጠርጥሬ ደግሜ ሞላሁ፤ ለውጥ የለም።

ካሊፐሩን ከካንዴላው ወዲያ ማዶ ሳሳርፈው ነገሩ ተገለጠ። የላይና የታች ፊቶቹ ትይዩ መሆን ሲገባቸው ያ ጎን በ0.4 አንሶ ተገኘ። እንደ ሽብልቅ ተቆርጦ በአንድ ወገን 0.2፣ በሌላው 0.6 ተነሥቷል፤ ላምባው የነገረኝ አማካዩን ነበር።

ለጠብ ተዘጋጅቼ ቶርኖ ቤቱ ደረስሁ። ባለሙያው ምንም ሳይመልስልኝ ቴስታታውን ገልብጦ፣ ማሽኑ ላይ ያረፈበትን፣ የቫልቭ ክዳኑ የሚገጠምበትን የላይ ፊት በጥፍሩ ዳሰሰና፣ ካሊፐሬ ካረፈበት ጥቂት ፈንጠር ብላ የተጣበቀች የአሮጌ ወረቀት ጋስኬት ቁራጭ አሳየኝ። ቴስታታውን በአንድ ጎን ከፍ አድርጋ ያዘመመችው እሷ ናት፤ ሳልፍቅ የላክሁት እኔው ነኝ።

እንደገና ይስተካከል ቢባል፣ ከ9 የተነሣው የመጭመቅ ምጥጥን (ፒስተኑ የገባውን አየርና ቤንዚን ስንት እጥፍ እንደሚያጠብበው) ወደ 10 ሊጠጋ ነው፤ ሲበዛ ቤንዚኑ ያለጊዜው ሊነድድ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ በተራ ቤንዚን ለሚሠራ ሞተር ይህን አልደፈርሁም። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቴስታታ በራሴ ወጪ ገዝቼ ገጠምሁለት። ቁራጯን በምላጭ አንሥቼ በማይክሮሜትር ስለካት 0.42 ሚሊ ሜትር ሆነች።