ለካ ሳኩራዋ እኔ ነኝ

ትናንት ማታ ቶኪዮ ውስጥ፣ ሺንጁኩ ባቡር ጣቢያ ደቡብ መውጫ ላይ አንዲት የጎዳና ዘፋኝ ጊታሯን ካወጣችበት ደቂቃ ጀምሮ ፖሊስ መጥቶ «በቃ» እስካላት ድረስ ያለውን በሙሉ መዘገብኩ። የጎዳና ዘፋኞችን ለማጥናት ተነሥቼ ለዚህች አንድ ምሽት ስምንት ወር ስለፈጀብኝ ትንሽ ብኩራራ አትቀየሙኝ።

መጀመሪያ ሕጉን አነበብኩ። በጃፓን የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 77 መንገድ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር የፖሊስ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኔ ያገኘኋቸው የጣቢያ በር ዘፋኞች አብዛኞቹ ፈቃድ የላቸውም። የቶኪዮ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 በጀመረው «ሄቨን አርቲስት» በተባለው የጎዳና አርቲስቶች ፈቃድ መርሃ ግብር ተፈትነው ያለፉት ግን ኡኤኖ ፓርክን በመሳሰሉ የተመደቡ ቦታዎች ይጫወታሉ። እዚያ የሚያባርር ስለሌለ ሁለት ወር ተደብቄበታለሁ። ጥናት ነው እያልኩ ፍርሃቴን ሳስታምም ነበር።

ሺንጁኩ ስመጣ አላላውስ ያለኝ «የት ልቁም?» የሚለው ጥያቄ ነው። መንገደኛው ገልመጥ አድርጎ ያልፋል፤ ቀድሞ መቆም የሚደፍር የለም። አንድ ሰው ከቆመ ግን ሌላው ይከተላል። ያቺ የመጀመሪያዋ ሰው ደግሞ እኔው ነበርኩ፤ ያውም ደብተር የያዘች ሐበሻ! አንድ ምሽት ዘፋኟ እየሳቀች «አንቺ እኮ ሳኩራችን ነሽ» አለችኝ። የቼሪ አበባ ያለችኝ መስሎኝ እጅ ነስቼ አመሰገንኩ። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ስገልጥ፣ ገበያው እንዲደምቅ ገዢ መስሎ የሚቆም ሰውም ሳኩራ ይባላል። ሰው እንዴት እንደሚሰበሰብ የጻፍኩት የሦስት ወር ማስታወሻ፣ ለካ እኔው ስለሰበሰብኩት ሰው ነው።

ሳኩራ እንዳልሆን ከዓምድ ጀርባ ብደበቅ የሰው ጀርባ ብቻ አየሁ። በግማሽ ወር ቀለቤ የገዛሁት መቅረጫም የባቡር ማስታወቂያ እንጂ ዘፈን አልያዘልኝም። መቅረጫ ሳትገዙ እርሳስ ግዙ! አሁን በየአሥር ደቂቃው ካርታ እሥላለሁ፦ ዘፋኟ፣ የቆሙት፣ እኔም በኤክስ ምልክት። ካርታዎቹን ሳስተያይ ነው ለዓይነ ስውራን የተነጠፈውን ቢጫ መስመር ያስተዋልኩት። ተመልካቹ እየሰፋ እሱ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ የረገጠው ካለ ዘፋኟ በዘፈኖቹ መካከል ትለምነዋለች። ፈቃድ የሌላት ሰው የመንገዱን ሥርዓት ታስከብራለች ማለት ነው። መቅረጫ ይህን አይነግራችሁም።

ዘፋኞቹን ከላሊበሎች ጋር ያነጻጸርኩበትን የጥናቴን ምዕራፍ ራሴ ሰረዝኩት። ላሊበላ ጎህ ሳይቀድ የሰው ደጅ ላይ ነው የሚያዜመው። ለእሱ የሚቀርቡት ሻሚሰን የሚባለውን ባለ ሦስት ክር የጃፓን መሣሪያ ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞሩ የነበሩት በሰሜን ጃፓን የጥንቶቹ የጹጋሩ ዓይነ ስውራን ናቸው፤ ጣቢያ በር ላይ ግን የሚንኳኳ ደጅ የለም።

ቃለ መጠይቅ ጊታሩ ሳጥን ውስጥ እስኪገባ ይቆይ ብዬ እመክራለሁ፤ እኔ ግን ትናንትም በመሃል ጠይቄ ግጥሟን አስረስቻታለሁ። አፍሬ 1,000 የን ሳጥኗ ውስጥ ጣልኩ። ሁለት ሰዎች ተከትለውኝ ጣሉ፤ ይህን ካርታው ላይ በምን ምልክት እንደማሠፍረው ገና አልወሰንኩም።